ያልደረስሁት ዜማ

ጥቅምት 5፣ ሰኞ

ዛሬ ከስብሰባ ስንወጣ አቶ ክንዱ ኮሪደር ላይ አስቆመኝ። የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ ነው፤ ሲቸግረው አንገቱን ያካል።

«ሥርጉት፣ የድርሰትና ቅንብሩን ኮርስ አንቺ ትይዥልኛለሽ። ሌላ ሰው የለኝም።»

አንገቱን አከከ።

«ተምረሽዋል አይደል? ያውም በጋሽ መርስዔ እጅ።»

«ተምሬዋለሁ» አልሁ።

አፌ ነው የመለሰለት። እኔ ገና እያሰብሁ ነበር።

ጋሽ መርስዔ ኀዘን ይህን ኮርስ ሃያ ሰባት ዓመት አስተምረውታል። መስከረም አጋማሽ ላይ ስትሮክ መታቸውና ቀኝ እጃቸውና አንደበታቸው ተያዙ። ከሆስፒታል ወጥተው ሽምብጥ ሰፈር፣ ቤታቸው ተኝተዋል አሉ። እስካሁን ሄጄ አልጠየቅኋቸውም። መጀመሪያ ምዝገባ ነበር፤ ከዚያ የመግቢያ ፈተና መጣ። በዚህ ሳምንት እሄዳለሁ።

እኔ በዚህ ኮሌጅ ዐሥራ ሰባት ዓመት ያስተማርሁት ድምፅና ኪቦርድ ነው። ሰው የጻፈውን አንብቤ እጫወታለሁ፣ አስዘምራለሁ። ከባዶ ወረቀት ተነስቶ ዜማ መሥራት፣ ለዜማው ባስ፣ ማለት የታችኛውን ወፍራም ድምፅ ማቆም፣ አራት ድምፅ ሳይጋጭ ማስኬድ ሌላ ሙያ ነው። ትምህርቱ ኅዳር 3 ይጀመራል። አራት ሳምንት አለኝ።

ጥቅምት 8፣ ሐሙስ

ቤተ መጻሕፍት ዋልሁ። ስለ ሙዚቃ ድርሰት የሚያስተምሩ ሁለት መጻሕፍት አሉን። አንዱ በሩሲያኛ ነው፤ ድሮ የነበረ የውጭ አገር መምህር ትቶት የሄደ መሆን አለበት። ኖታዎቹን አነባለሁ፤ ስለ ኖታዎቹ የተጻፈውን ግን ከየት አመጣዋለሁ። ሁለተኛው የእንግሊዝኛ የሃርሞኒ መጽሐፍ ነው። ደስ ብሎኝ ተቀመጥሁ። ገጽ 60 መጨረሻ ላይ አሁን በአራት ድምፅ መጻፍ እንጀምራለን ይላል። የሚቀጥለው ገጽ 97 ነው። መካከሉን አንድ ሰው በምላጭ ቆርጦ ወስዶታል።

የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ሳገላብጥ አይታኝ፣ «ጋሽ መርስዔኮ መጽሐፍ ተውሰው አያውቁም» አለችኝ። «ሁሉም እዚህ ነው የነበረው» ብላ ግንባሯን ነካች።

ጥቅምት 12፣ ሰኞ፣ ከምሳ በኋላ

የስልክ ኢንተርኔት ከክረምት ጀምሮ የለም። የባለቤቴ የአካሉ መሥሪያ ቤት የመስመር ኢንተርኔት ስላለው አስፈቅጄ እሱ ዘንድ ሄድሁ። የሙዚቃ ድርሰት እንዴት ልማር ብዬ በእንግሊዝኛ ጻፍሁ። ምነው ባልጻፍሁ። አንዱ ሰውዬ መጀመሪያ ሁለት ድምፅን እርስ በርስ ማስኬድ ተለማመዱ፣ ኮርድ፣ አንድ ላይ የሚመታው የኖታ ጥምር፣ ኋላ ይመጣል ይላል። ሌላው ይህ የሦስት መቶ ዓመት አሮጌ ነገር ነው፣ ጊዜ አታጥፉ፣ በጆሮ ጀምሩ ይላል። ሦስተኛው ሁለቱም ተሳስተዋል ብሎ አርባ ደቂቃ ያወራል። ማን ልክ እንደ ሆነ ለመለየት መጀመሪያ ትምህርቱን ማወቅ ያስፈልጋል። የማላውቀው ደግሞ እሱን ነው።

ሁሉንም ጫንሁት። ስድሳ ሦስት ፋይል።

ጥቅምት 19፣ ሰኞ

ስድሳ ሦስት ፋይል። ያነበብሁት የሁለቱን መግቢያ።

አካሉ ከኋላዬ ቆሞ አየና፣ «ይህን ሁሉ መቼ ልታነቢው ነው?» አለኝ። ተቆጣሁት። እሱ ምን አደረገ? ሽንኩርቱን ልጦ፣ ሳህኑን አጥቦ፣ ዝም ብሎ ሬዲዮውን ይዞ ወጣ።

ሽምብጥ አልሄድሁም።

ጥቅምት 23፣ ዓርብ

አቶ ክንዱ የመንፈቅ ዓመቱን መርሐ ግብር ሰጠኝ። ተማሪዎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ሥራ ደርሰው ጥር 18 ለሕዝብ ያቀርባሉ። ከላይ በደማቁ፣ «መክፈቻ፦ የመምህርት ሥርጉት ሥራ» ይላል።

«እንደ ልማዱ ባንቺው እንከፍታለን» አለኝ እየሳቀ።

የመመረቂያ ሥራዬ ነው። በአምባሰል ቅኝት፣ ለአራት ድምፅና ለኪቦርድ። በየዓመቱ ምርቃት ላይ ይዘመራል፤ የከተማው ሰው ሳይቀር ያውቀዋል። ገበያ ላይ ሴቶች፣ «የዚያ ዜማ ባለቤት» እያሉ ያሳዩኛል። ያን ጊዜ እናቴ ታማ ሆስፒታል ነበረች፤ እኔም ልብ አልነበረኝም። ጋሽ መርስዔ ረድተውኛል።

ጥቅምት 28፣ ረቡዕ

ሽምብጥ ሄድሁ። ብርቱካን ገዝቼ በሩ ድረስ ሄድሁ። ጫማ ተደርድሮ ስላየሁ እንግዳ ያለባቸው መሰለኝና ተመለስሁ። ሁለት ጥንድ ጫማ ነበር። የሳቸውና የባለቤታቸው ሊሆን ይችላል።

ብርቱካኑን እኔና አካሉ በላነው።

ኅዳር 3፣ ሰኞ

ተጀመረ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ከመጀመሪያዎቹ ስድሳ ገጾች አስተማርሁ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ዐሥራ አንድ ተማሪ፤ ዐሥሩ ልጆች ናቸው። አንዷ ወለተ ሚካኤል ትባላለች፣ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። ማክሰኝት የአንደኛ ደረጃ መምህርት ሆና ሰባት ዓመት ሠርታ፣ ልጇን ከእናቷ ጋር ትታ የመጣች። ከፊት ትቀመጣለች። አትጽፍም፤ ታያለች።

ኅዳር 7፣ ዓርብ

ወለተ ሚካኤል እጇን አወጣች።

«መምህርት፣ አንቺሆዬ ቅኝት ላይ መጽሐፉ የሚለውን ኮርድ ሳስገባ ከቅኝቱ ውጭ የሆነ ኖታ ይገባል። ዜማው አንቺሆዬ መሆኑ ይቀራል። ከአምስቱ ኖታዎች ብቻ ልሥራ ስል ደግሞ መጽሐፉ የሚፈልገው ኮርድ አይገኝም። የቱን እንከተል?»

«ጥሩ ጥያቄ ነው። ሰኞ እናየዋለን» አልሁ።

ቅዳሜና እሑድን ስድሳ ሦስቱ ፋይሎች ውስጥ ስፈልግ ልውል ነው። ከጻፏቸው ሰዎች አንቺሆዬ ሰምቶ የሚያውቅ አንድም የለም።

ኅዳር 10፣ ሰኞ

አላየነውም። ጊዜ አልቋል አልሁ። ዐሥራ አምስት ደቂቃ ይቀር ነበር።

ከሰዓት በኋላ በመለማመጃው ክፍል መስኮት ሥር ሳልፍ የወለተ ሚካኤልን ድምፅ ሰማሁ። «መጥፎ መምህር አይደሉም። ግን እሳቸውም እንደኛ እየተማሩ ነው። አንድ ምዕራፍ ነው የሚቀድሙን።»

አንዱ ልጅ፣ «ዛሬማ እሱንም አልቀደመችንም!» አለ። ሳቁ።

እዚያው ቆሜ ቀረሁ። አሙኝ እንዳልል ውሸት የለበትም። እውነቱን ነው የተናገሩት።

ኅዳር 15፣ ቅዳሜ፣ ጀልባ ላይ

ጾመ ነቢያት ዛሬ ገባ። ከዘጌ እየተመለስሁ ነው፤ ሞተሩ ስለሚያንቀጠቅጠኝ ጽሑፌ ተበላሽቷል።

የአካሉ አጎት መሪጌታ ፍሬ ስብሐት ዘጌ ናቸው። አርባ ዓመት ዜማ አስተምረዋል። አካሉ ነው ሂጂና ጠይቂያቸው ያለኝ። ጉባኤ ቤታቸው ከዛፎቹ ሥር ነው፤ ተማሪ እግራቸው ሥር ተቀምጦ ያዜማል፣ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ።

«የኔታ፣ ዜማ መድረስ የሚማሩት በምንድን ነው? ጥሩ መጽሐፍ አጣሁ» አልኋቸው።

«የሌላ ሰው ዜማ ጽፈሽ ታውቂያለሽ? በእጅሽ?»

«ታትሞ ነው የሚመጣልን፤ አነባለሁ እንጂ…»

«እኛ ዘንድ ተማሪው ይጽፋል። የጻፈውን ያዜማል። ይሳሳታል፣ ይታረማል፤ ደግሞ ይጽፋል። ድርሰቱ ኋላ ነው የሚመጣ፣ ለመጣለትም ሰው ነው።» ከዚያ ዓይናቸውን ገለጡ። «የሚያርምሽ ሰው የለሽም?»

መልሴን ሳይጠብቁ ተማሪውን፣ «ተሳስተሃል፣ መልሰው» አሉት።

የሚያርመኝ ሰው አለኝ። ሽምብጥ ተኝተዋል። ሁለት ወር ሙሉ ያልጠየቅኋቸው ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። አንደበታቸው ተያዘ ሲሉኝ መጀመሪያ የተሰማኝ ኀዘን አልነበረም። እፎይታ ነበር። አሁን ጻፍሁት። ባሕሩ ላይ የሚያውቀኝ ሰው የለም፤ ከእኔ ሌላ አራት ሴቶችና ሁለት ጆንያ ጌሾ።

ኅዳር 18፣ ማክሰኞ

ሄድሁ። ገባሁ።

እትዬ ሙሉነሽ፣ ባለቤታቸው፣ በሩን ከፍተው አዩኝ። «መጣሽ» አሉ፤ ሌላ አላሉም። ጋሽ መርስዔ በመስኮቱ በኩል ወንበር ላይ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ፊታቸው በአንድ ወገን ወርዷል። ያ ሁሉ ተማሪ የሚፈራው ሰው ጋቢ ውስጥ ጠፍቷል። ሲያዩኝ አፋቸውን ከፈቱ። «ማ… ማ…» ብለው ቀሩ፤ ግራ እጃቸው ጋቢውን ጨመደደ።

«ተወው፣ አትድከም» አሏቸው እትዬ ሙሉነሽ። ወደኔ ዞረው፣ «ውሃ ብሎ መጠየቅ አይችልም። ቅዳሴ በሬዲዮ ሲሰማ ግን አብሮ ያዜማል፣ ቃሉንም አይስትም። ሐኪሙ እንዲህ ይሆናል አለን» አሉኝ።

ምን እንደምናገር ስላላወቅሁ ቦርሳዬ ውስጥ የነበረውን የተማሪዎች የቤት ሥራ አወጣሁ። ጥግ ያለውን ኪቦርድ ከፍቼ የወለተ ሚካኤልን ተጫወትሁላቸው። አራተኛው ሜዠር፣ የኖታው አራተኛ ክፋይ ላይ ስደርስ ኳ! አለ። በግራ እጃቸው አንጓ የወንበሩን ክንድ መቱት። ደገምሁት። እዚያው ቦታ ላይ፣ ኳ! ሦስተኛ ጊዜ ስደግም ባሱን በጉሮሯቸው አዜሙልኝ። ላይኛው ድምፅና ባሱ ተያይዘው ወደ አንድ ወገን ሲሮጡ ነበር፤ እሳቸው ባሱን ወደ ታች መለሱት። ዜማው ወዲያው ተነፈሰ።

ከዚያ የአንቺሆዬውን ጥያቄ ሞከርሁ። ዜማውን አንድ ጊዜ ሰሙ። ኮርድ አልፈለጉም። በጉሮሯቸው አንድ ዝቅ ያለ ኖታ ይዘው ቆሙ፤ በጣታቸው ወደኔ ጠቁመው ተጫወች አሉኝ። እኔ ዜማውን ሁለት ሜዠር ከሄድሁ በኋላ እሳቸው ያንኑ ዜማ ከመጀመሪያው አንስተው ተከተሉኝ። አንዱ መርቶ ሌላው ዘግይቶ ሲገባ፣ ከአምስቱ ኖታዎች ሳንወጣ ባለ ሁለት ድምፅ ሆነ።

እትዬ ሙሉነሽ ከወጥ ቤት መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። «ዛሬ ምሳውን ሳይጨርስ አይቀርም» አሉ።

ኅዳር 21፣ ዓርብ

ክፍል ውስጥ የአንቺሆዬውን መልስ ሰጠሁ። ልጆቹ አጨበጨቡ። ወለተ ሚካኤል ለመጀመሪያ ጊዜ ደብተሯን አውጥታ ጻፈች። «ከየት አገኙት መምህርት?» አለችኝ።

«ስፈልግ ከርሜ ነው» አልሁ።

ውሸት አይደለም። ውሸት ነው።

ኅዳር 28፣ ዓርብ

ማክሰኞና ዓርብ እየሄድሁ ነው። በግራ እጃቸው እርሳስ መያዝ ጀምረዋል። ስሕተቱ ያለበትን ኖታ ያከብቡታል፤ ክቡ እንቁላል አይመስልም፣ ድንች አይመስልም። ባከበቡት ላይ ትክክለኛውን ያዜሙልኛል፣ እኔ እጽፋለሁ። ተማሪዎቹ ተለውጠዋል። አቶ ክንዱ ኮሪደር ላይ፣ «ምን አስበልተሻቸው ነው?» አለኝ። ሳቅሁ።

በሳቸው እጅ የመጣውን በእኔ አፍ መልሼ እያወጣሁ ነው። ደግሜ።

ታኅሣሥ 3፣ ረቡዕ

ወለተ ሚካኤል ከክፍል በኋላ ቀረች። የቤት ሥራዋን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው።

«መምህርት፣ የእርስዎን ጽሑፍ አውቀዋለሁ። ይቺ ክብ ግን የእርስዎ እጅ አይደለችም።»

«ስቸኩል…»

«የታመመ ሰው እጅ ናት። አባቴን አስታምሜ አውቃለሁ።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ሌላ ሰው ያርምልን፣ ግድ የለንም። እኔ ልጄን ትቼ የመጣሁት ለመማር ነው። ግን ማን እያረመን እንደ ሆነ ብናውቅ ጥያቄያችንን ለሳቸው እንልክ ነበር። ይህ ብቻ ነው የኔ ነገር።»

ሄጄ መጸዳጃ ቤት በሩን ዘግቼ ቆምሁ። በአርባ ዓመቴ።

ታኅሣሥ 9፣ ማክሰኞ

ረዥም ነው የምጽፈው። ከሽምብጥ በቀጥታ መጥቼ ባሕር ዳርቻው ላይ ካለው ግንብ ተቀምጫለሁ፤ ፀሐይ ገና ናት።

ዛሬ ኪቦርዱን አልከፈትሁም። ፊት ለፊታቸው ተቀመጥሁና፣ «ጋሼ፣ የመመረቂያ ሥራዬን እርስዎ እንደ ጻፉት ልናገር ነው» አልሁ። ረድተውኛል አላልሁም። እዚህም ደብተር ላይ ረድተውኛል ብዬ ነበር የጻፍሁት። ከመጀመሪያው ኖታ እስከ መጨረሻው እሳቸው ናቸው የጻፉት፤ እኔ ያደረግሁት በንጹሕ መገልበጥና ስሜን ከላይ ማኖር ነው።

እትዬ ሙሉነሽ የሚለቅሙትን ምስር አስቀመጡ።

«እኔ የማላውቅ መስሎሽ ነበር?»

በጣታቸው ጠረጴዛውን አሳዩኝ።

«ሦስት ቀን ነው የጻፈው። እዚህ ጠረጴዛ ላይ። እናትሽ ልትሞት ነው፣ ልጅቱ ዓመቷን ልታጣ ነው እያለ። ተው ብዬዋለሁ፤ አስተማሪ እንዲህ አያደርግም ብዬዋለሁ። አልሰማኝም። አሁን አንቺ ተናግረሽ ልብሽን ልታቀልዪ ነው። እሱስ? ለተማሪ ፈተና የሠራ መምህር ሊባል ነው። ተነስቶ በዚህ ምክንያት ነው የሚልበት አፍ የለው!»

ይህን አላሰብሁትም ነበር። ሦስት ወር ሙሉ ስለ ራሴ ውርደት ነው ያሰብሁ። ስናገር ደግሞ ስለ ራሴ ንጽሕና።

«እንግዲያው አልናገርም» አልሁ።

ኳ!

ሁለታችንም ዞርን። ጋሽ መርስዔ ዓይናቸው በርቷል። እጃቸው የወንበሩ ክንድ ላይ ነው።

እትዬ ሙሉነሽ ቀረብ ብለው፣ «ትናገር ነው የምትል?» አሏቸው።

ጠበቅን። አንድ ባጃጅ መንገዱን ይዞ አለፈ። እጃቸው አልተንቀሳቀሰም፤ እሳቸው የሚመቱት ለስሕተት ነው።

«ስምህ በክፉ ይነሣል እኮ» አሏቸው፤ አሁን ድምፃቸው ሌላ ነው፣ የሚለምን።

አልመቱም።

እትዬ ሙሉነሽ ምስራቸውን መልሰው ያዙ፣ ግን አልለቀሙም። ሳያዩኝ እንዲህ አሉ፦ «በየምርቃቱ ያ ዜማ ሲዘመር ከኔ ጋር ነው የሚቀመጠው። ቤት ስንገባ ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው የሚል። ‹ሥርጉት አንድ እንኳ የራሷን ብትጽፍ› ይላል። ዐሥራ ሰባት ዓመት።»

እኔ እሳቸው ሲያዩኝ ሌባ የሚያዩ ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ በመምህራን ክበብ ከሳቸው ጠረጴዛ ርቄ እቀመጥ ነበር። እሳቸው ለካ የሚጠብቁት ሌላ ነው።

ታኅሣሥ 12፣ ዓርብ

ለተማሪዎቹ ነገርኋቸው። ሁለቱንም፤ እርማቱ የማን እንደ ሆነ፣ ያ ዜማም የማን እንደ ሆነ። እናቴ ታማ እንደ ነበር ልጨምር ፈልጌ ተውሁት።

ማንም አልሳቀም። መስኮቱ ሥር የሳቀው ልጅ ጫማውን ያያል። ወለተ ሚካኤል ብቻ፣ «ታዲያ ማክሰኞ የት እንምጣ?» አለች።

ታኅሣሥ 15፣ ሰኞ

አቶ ክንዱ። ቢሮው ውስጥ። ሰምቶ ሲጨርስ አንገቱን አከከ።

«ለማን ለማን ተናግረሻል?»

«ለተማሪዎቼ።»

«ከኔ በፊት?»

«አዎ።»

«ዝም ብትዪ ማን ይጠይቅሽ ነበር?» አለኝ። የተበሳጨው በውሸቱ ይሁን በእውነቱ አልገባኝም። ደብዳቤ ጽፌ እንዳስገባ አዘዘኝ። ጽፌ አስገባሁ።

ታኅሣሥ 16፣ ማክሰኞ

ዐሥራ አንዱም ሽምብጥ። ግቢው ውስጥ ከማንጎው ሥር ወንበር ከጎረቤት ተበድረን። እትዬ ሙሉነሽ መጀመሪያ ኩርፍ ብለው ነበር፤ ወለተ ሚካኤል ነጠላዋን አሸርጣ ሳትጠየቅ ውሃ መቅዳት ስትጀምር ለቀቁ። ጋሽ መርስዔ ሲመቱ፣ ልጆቹ ስሕተቱን ለማግኘት ይሽቀዳደማሉ።

ከልጆቹ ጋር ተቀምጬ የድሮ ዜማዎች በእጄ ገለበጥሁ። የኔታ እንዳሉኝ። ጣቴ አበጠ።

ታኅሣሥ 29፣ ሰኞ

ገና ዘንድሮ በ28 ነው የዋለ፣ ትናንት ነበር፤ ቤቱ ገና እንግዳ እንግዳ ይሸታል። ጠዋት ሁሉም ተኝቶ ሳለ ተነስቼ አራት ሜዠር ጻፍሁ። ሰረዝሁ። ሁለት ጻፍሁ። አካሉ ከመኝታ ቤት ወጥቶ፣ «ምንድን ነው የምትጫወችው?» አለኝ።

«የኔ ነው።»

«ድገሚው እስቲ።»

ደገምሁት። ጥሩ ነው አላለም። ጆሮው ልክ ነው። ግን ተቀመጠ።

ጥር 8፣ ረቡዕ

የኮሌጁ ኮሚቴ ደብዳቤ ደረሰኝ። ጋሽ መርስዔ ቀርበው መልስ መስጠት ስለማይችሉ የዲግሪዬ ጉዳይ እንደገና አይታይም። የደረጃ እድገት ማመልከቻዬ ተሰርዟል። ከመንፈቅ ዓመቱ በኋላ ኮርሱን ሌላ መምህር ይይዘዋል፤ ከአዲስ አበባ ይመጣል። የመክፈቻው ዜማ ከመርሐ ግብሩ ወጥቷል።

ሦስት ጊዜ አነበብሁት። እንደማለቅስ ጠብቄ ነበር። ደክሞኝ ነበርና ከነጫማዬ ተኛሁ።

ጥር 18፣ ቅዳሜ

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። መክፈቻ አልነበረም፤ በቀጥታ በተማሪዎቹ ተጀመረ። የወለተ ሚካኤል አንቺሆዬ ሲያልቅ ሰው ለአፍታ ማጨብጨብ ረሳ። እናቷና ልጇ መንገዱ ስለ ተዘጋ ከማክሰኝት መምጣት አልቻሉም። ወደ መጋረጃው ጀርባ ስትመጣ ፊቷን በእጇ ሸፍና ነበር፤ ይዣት ቆምሁ።

ዐሥራ ሁለተኛዋ እኔ ነበርሁ። ሠላሳ ሁለት ሜዠር፣ ለሁለት ድምፅና ለኪቦርድ። ጋሽ መርስዔ ካከበቧቸው ቦታዎች ሦስቱን ማስተካከል አልቻልሁም፤ እንዳሉ ቀረቡ። ጭብጨባው መጠነኛ ነበር። ከአዳራሹ ስወጣ የቤተ መጻሕፍቷ ሠራተኛ ለአንዲት ጓደኛዋ፣ «የድሮው ይሻል ነበር» ስትል ሰማሁ። ሲያዩኝ ደነገጡ።

«ይሻላል» አልኋቸው። «የጋሽ መርስዔ ነው።»

እሳቸው በዊልቸር ከኋላ ነበሩ። ምን እንደ ተሰማቸው አላውቅም። እትዬ ሙሉነሽ እየገፏቸው ወጡ፤ ለእኔ ራሳቸውን ነቅነቅ አደረጉልኝ።

ጥር 24፣ ዓርብ

አዲሱ መምህር መጥቷል፤ ገና ወጣት ነው፣ ጥሩ መጻሕፍትም ይዟል። ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ መማር እችል እንደሆን ጠየቅሁት። ግራ ገብቶት፣ «ይችላሉ እንጂ» አለኝ። አቶ ክንዱ ኮሪደር ላይ ሰላም ይለኛል፤ አይቆምም።

ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ሽምብጥ ሄድሁ። ዛሬ ጠዋት የጻፍሁት አዲስ ነገር አለ፣ ስምንት ሜዠር። ጀርባዬን ሰጥቻቸው ተጫወትሁ። ሁለተኛውን አለፍሁ። ሦስተኛውን አለፍሁ። ስምንተኛው ላይ ደርሼ ጣቴን አነሳሁ፤ አንድ ጊዜ እንኳ አልመቱም።

ዞር ስል እንቅልፍ ወስዷቸዋል። አፋቸው ተከፍቶ፣ ራሳቸው ትከሻቸው ላይ።

እትዬ ሙሉነሽ አዩኝና አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ከመስከረም ወዲህ እንዲህ ስቄ አላውቅም። ሻይ ሰጡኝ፣ ጠጣሁ፣ ጠበቅሁ። ሲነቁ ከመጀመሪያው ጀመርሁ።

ሦስተኛው ሜዠር ላይ፣ ኳ!